ዘርና ወገን፤ ስለ ኔላ ላርሰን «ማለፍ» የተሰጠ አስተያየት

በቅሎን «አባትህ ማነው?» ቢሉት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለ ይባላል። ይህን ተረት የሰማ ሁሉ በበቅሎው ይሥቃል፤ አህያ አባቱን ደብቆ በፈረስ ዘመዱ መመካቱ ያሥቃልና። ነገር ግን ተረቱን ረጋ ብሎ ለመረመረው ሰው ሌላ ጥያቄ ይነሣበታል። ይኸውም ጠያቂው ማነው? ጭነቱን ተሸክሞ በመንገዱ የሚሄደውን በቅሎ አስቁሞ አባቱን እንዲቈጥር ያደረገው ምን ሥልጣን ይዞ ነው? በቅሎውስ እውነቱን ቢናገር ኖሮ ከፈረሶቹ ጋራ ገብስ ይቀርብለት ነበርን? ወይስ ወደ አህዮቹ ጋጥ ይመለስ ነበር? ተረቱ ስለዚህ ነገር ዝም ይላል። ተረት የተመልካቹን ሣቅ እንጂ የተጠያቂውን ጭንቀት አይነግረንም።

የተጠያቂውን ጭንቀት የሚነግረን ልብ ወለድ ታሪክ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1929 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ወይዘሮ ኔላ ላርሰን የተባሉ አሜሪካዊት ደራሲ በኒውዮርክ ከተማ አንድ አጭር ልብ ወለድ አሳተሙ። መጽሐፉ በአንድ ሌሊት ተነብቦ የሚያልቅ ነው፤ ይሁን እንጂ ያነሣው ጥያቄ ከመቶ ዓመት ያህል በኋላም አላለቀም። ጥያቄው ይህ ነው፤ የአንድን ሰው ዘር የሚወስነው ማነው? ሕግ ነውን? የሌላው ሰው ዓይን ነውን? የገዛ ወገኑ ነውን? ወይስ ራሱ ባለቤቱ?

ስለ መጽሐፉ ከመናገራችን በፊት ስለ ደራሲይቱ ጥቂት መናገር ይገባል። ኔላ ላርሰን በ1891 በሺካጎ ከተማ ተወለዱ። እናታቸው ከዴንማርክ አገር የመጡ ነጭ ሴት ነበሩ፤ አባታቸው ደግሞ በዚያን ጊዜ በዴንማርክ ግዛት ሥር ከነበሩት የካሪቢያን ደሴቶች የመጡ ጥቁር ሰው ነበሩ። አባት ከቤተ ሰቡ በጊዜ ተለዩ፤ እናትም እንደ ራሳቸው ዴንማርካዊ የሆነ ነጭ ሰው አግብተው ሌላ ሴት ልጅ ወለዱ። እንግዲህ ኔላ በአንድ ቤት ውስጥ እናቷ ነጭ፣ እንጀራ አባቷ ነጭ፣ እኅቷም ነጭ ሆነው እርሷ ብቻ ጥቁር የምትባል ልጅ ሆና አደገች ማለት ነው። ካደጉም በኋላ በአስታማሚነት ሠለጠኑ፤ ቀጥሎም በኒውዮርክ በሐርለም ሰፈር በሚገኘው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሠሩ። በ1928 የመጀመሪያውን፣ በ1929 ሁለተኛውን ልብ ወለድ ካሳተሙ በኋላ ግን ብዕራቸው እየራቀ ሄደ፤ ወደ ቀድሞው የአስታማሚነት ሥራቸው ተመልሰው በ1964 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ተለዩ። ስለዚህ የምንመለከተው ድርሰት ከሩቅ የተመለከቱትን ነገር የጻፉት አይደለም፤ ጥያቄው በገዛ ቤታቸው ማዕድ ላይ የቀረበ ነበር።

መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የተሰየመበት ቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ «ማለፍ» ይሆናል። በአሜሪካ ቆዳው የነጣ፣ ነገር ግን ከጥቁር ወላጆች የተወለደ ሰው ዘሩን ሳይናገር በነጮች መካከል እንደ ነጭ ሆኖ ሲኖር «አለፈ» ይባል ነበር። ይህ ቃል በእኛም ቋንቋ ብዙ ትርጉም አለው። ወንዝ የተሻገረ አለፈ ይባላል፤ ፈተና የተወጣ አለፈ ይባላል፤ ነፍሱ ከሥጋው የተለየችም አለፈ ይባላል። የመጽሐፉ ታሪክ በሦስቱም ትርጉሞች ላይ የሚጓዝ ስለ ሆነ፣ የአማርኛው ቃል ከእንግሊዝኛው ሳያንስ ነገሩን ሙሉ አድርጎ ይይዘዋል።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። አይሪን ሬድፊልድ በሐርለም የምትኖር የሐኪም ሚስትና የሁለት ወንዶች ልጆች እናት ናት። ጥቁሮችን ለመርዳት በተቋቋመ ማኅበር ውስጥ የምትደክም፣ የተከበረች፣ ቤቷንና ስሟን የምትጠብቅ ሴት ናት። አንድ ቀን በነሐሴ ወር የሺካጎ ሙቀት ልቧን ሊያስታት ሲደርስ፣ አንድ የታክሲ ነጂ ድሬይተን ወደሚባል ታላቅ ሆቴል ያደርሳታል፤ እርሷም ከፎቁ ሰገነት ላይ ተቀምጣ ሻይ ትጠጣለች። ሆቴሉ ጥቁር የማይቀበል ነው፤ ነገር ግን የአይሪን ቆዳ የነጣ ስለ ሆነ ማንም አልጠየቃትም። እዚያ ተቀምጣ ሳለች በሌላ ጠረጴዛ ያለች አንዲት መልከ መልካም ሴት ዓይኗን ሳትነቅል ትመለከታታለች። አይሪን «አወቀችኝ» ብላ ትደነግጣለች። ያች ሴት ግን የልጅነት ጓደኛዋ ክሌር ኬንድሪ ሆና ትገኛለች። ክሌር ሰካራም አባቷ ሲሞትባት፣ እንደ አገልጋይ በሚያሠሯት ነጮች የአባቷ አክስቶች ቤት አድጋ፣ ኋላም ዘሯን ሰውራ ጆን ቤሉ የተባለ ባለጠጋ ነጭ አግብታለች። ባሏ ጥቁር የተባለን ሁሉ የሚጠላ ሰው ነው፤ የሚስቱን ምሥጢር ግን አያውቅም።

የመጽሐፉ ታላቅ ምዕራፍ ክሌር አይሪንንና ሌላ ጓደኛቸውን በቤቷ ሻይ የጋበዘችበት ነው። ሦስቱም ሴቶች በአሜሪካ ሕግና ልማድ ጥቁሮች ናቸው፤ ሦስቱም ለተመልካች ነጮች ይመስላሉ። ባል ከውጭ ይገባል፤ ሚስቱንም በሰላምታ ጊዜ ለጥቁር ሕዝብ መስደቢያ የሆነውን ቃል አሳጥሮ እንደ ቁልምጫ ስም ይጠራታል። ምክንያቱንም ሲያስረዳ፣ ሲያገባት ጊዜ እንደ አበባ ነጭ ነበረች፣ አሁን ግን ከዓመት ወደ ዓመት እየጠየመች ሄዳለች እያለ ይቀልዳል፤ በቤተ ሰቡ ውስጥ ግን ጥቁር የሚባል ከቶ እንደማይገባ ይናገራል። ሴቶቹ ይሥቃሉ። አይሪንም ሣቋ እስኪያምማት ድረስ ትሥቃለች። አንባቢው ግን አይሥቅም። በዚያች ክፍል ውስጥ ከአራቱ ሰዎች ሦስቱ የሚያውቁትን አንዱ ብቻ አያውቀውም፤ ያ የማያውቀው አንዱ ግን ስለ ሁሉም ፈራጅ ሆኖ ተቀምጧል። በዕውቀት የሚያንሰው በሥልጣን የሚበልጥበት ይህ ምዕራፍ፣ ስለ ዘር መድልዎ ከተጻፉ ብዙ ትምህርታዊ ጽሑፎች ይልቅ ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

ክሌር ነጭ ሆና መኖሯ የተሳካላት ቢሆንም፣ የተወችውን ወገን ናፍቆት ያዛት። ባሏ በማይኖርበት ጊዜ ወደ ሐርለም እየመጣች በጥቁሮቹ ጨዋታና ጭፈራ መካከል መገኘት ጀመረች። አይሪን ጓደኛዋን አንድ ጊዜ ታዝንላታለች፤ አንድ ጊዜ ትቈጣታለች፤ በመጨረሻም ባሌን ወሰደችብኝ ብላ ትጠረጥራታለች። አንድ ቀን አይሪን ቆዳዋ ከጠቈረ ወዳጇ ጋራ ክንድ ለክንድ ተያይዛ በከተማው መንገድ ስትሄድ ከጆን ቤሉ ጋራ ፊት ለፊት ይገናኛሉ። ሰውየው ያያታል፤ ከእርሷም አልፎ ወዳጇን ያያል፤ ያን ጊዜም ነገሩ ሁሉ ይገባዋል። አይሪን ይህን ለክሌር ልትነግራት ሲገባ ዝም አለች። ጥቂት ቀናት ቈይቶ በስድስተኛው ፎቅ ላይ በሚገኝ ቤት ግብዣ ሲደረግ ባል በሩን ገፍቶ ገባ። ክሌር በተከፈተው መስኮት አጠገብ ቆማ ነበር፤ አይሪንም ሮጣ ክንዷን ያዘች። ከዚያ በኋላ ክሌር በመስኮቱ አልነበረችም። ወደቀች? ራሷን ጣለች? ወይስ ተገፋች? ደራሲይቱ አልነገሩንም፤ አይሪንም ራሷ ልታስታውሰው አልደፈረችም።

ይህ መጽሐፍ የተጻፈበትን ዘመን ሕግ ሳያውቁ ምሥጢሩን ማግኘት ያስቸግራል። በ1892 ሆመር ፕሌሲ የተባለ የሉዊዚያና ሰው ለነጮች በተለየ የባቡር ሠረገላ ውስጥ ስለ ተቀመጠ ተያዘ። ከስምንት እጅ ሰባት እጅ ነጭ ነበር፤ ለዓይንም ነጭ ይመስል ነበር፤ የተያዘውም ጥቁር መሆኑን ራሱ ስለ ተናገረ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1896 በፕሌሲ ላይ ፈርዶ ዘርን በሕግ መለያየት አጸደቀ። የቨርጂኒያ ክፍለ ሀገር ደግሞ እስከ 1910 ድረስ ከአራት እጅ አንዱ የጥቁር ደም ያለበትን፣ ከዚያም እስከ 1924 ድረስ ከዐሥራ ስድስት እጅ አንዱ ያለበትን «ጥቁር» ስትል ቈይታ፣ በ1924 ባወጣችው ሕግ አንዲት ጠብታም ብትሆን ትበቃለች አለች። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል። በ1909 ነጭ ሆኖ ያደረ ሰው፣ ደሙም መልኩም ሳይለወጥ፣ ምክር ቤት ተሰብስቦ እጅ በማውጣቱ ብቻ ጥቁር ሆኖ ሊነጋለት ይችል ነበር። የክፍለ ሀገር ድንበር የተሻገረም እንደዚሁ።

በሕዝብ ቈጠራውም ነገሩ ያው ነበር። እስከ 1960 ድረስ የአሜሪካ ሕዝብ ሲቈጠር ዘርን የሚጽፈው በየቤቱ የሚዞረው ቈጣሪ ነበር። መጽሐፉ በታተመ በዓመቱ፣ በ1930 በተደረገው ቈጠራ «ክልስ» የሚለው ክፍል ተሠርዞ፣ የጥቁር ደም ያለበት ሁሉ፣ ምንም ያህል ጥቂት ቢሆን፣ ጥቁር ተብሎ እንዲጻፍ ለቈጣሪዎች ትእዛዝ ተሰጠ። ከ1960 ወዲህ ሕዝቡ ቅጹን ራሱ መሙላት ጀመረ፤ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ አንድ ሰው ከአንድ በላይ ዘር እንዲመርጥ ተፈቀደለት። ብዕሩ ከቈጣሪው እጅ ወደ ተቈጣሪው እጅ እስኪደርስ ድረስ ይህን ያህል ዘመን ፈጀ።

በእኛ አገር ልማድም ዘር ይቈጠራል። ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎች የሁለቱን ወገን አያት ቅድመ አያት እስከ ሰባት ቤት ድረስ ይቈጥራሉ። ነገር ግን የሁለቱ ቈጠራ ዓላማ የተለያየ መሆኑ ሊታወቅ ይገባል። የእኛ ሽማግሌ የሚቈጥረው ዘመድ ከዘመድ ጋራ እንዳይጋባ ሲሆን፣ የቨርጂኒያው ጸሓፊ የሚቈጥረው ባዕድ ከሚለው ጋራ እንዳይጋባ ነበር። አንደኛው ሰውን ወደ ውጭ ይልካል፤ ሁለተኛው በር ይዘጋል።

ወይዘሮ ኔላ ላርሰን ይህን ሁሉ ሕግ በመጽሐፋቸው ውስጥ አልዘረዘሩም። አንድ ጊዜ ብቻ በአይሪን አሳብ በኩል የራይንላንደርን ጉዳይ ያስታውሳሉ፤ የዚያን ጊዜ አንባቢ ሁሉ ነገሩን ያውቀው ነበርና። በ1924 በኒውዮርክ ክፍለ ሀገር ሌናርድ ራይንላንደር የተባለ የባለጠጋ ልጅ፣ ሚስቱ አሊስ ጥቁር መሆኗን ሰውራ አታለለችኝ ሲል ጋብቻው እንዲፈርስለት ከሰሰ። የሚስት ጠበቃ፣ ባል የሚስቱን ገላ ያየ ስለ ሆነ ዘሯን አላውቅም ሊል አይችልም ብሎ ተከራከረ፤ ይህንም ለማስረዳት ሴቲቱ በዳኛው ክፍል ልብሷን ከፊል አውልቃ ሁሉም ነጭ ወንዶች በሆኑት ፈራጆች ፊት እንድትታይ ተደረገ። ፈራጆቹም ለእርሷ ፈረዱ። አሊስ ረታች፤ ነገር ግን የረታችው በአንደበቷ ወይም በምስክር አይደለም፤ ቆዳዋ እንደ ሰነድ ተገልጦ ከተነበበ በኋላ ነው። እንዲህ ያለውን ድል ድል ማለት ያስቸግራል።

አሁን ወደ ድርሰቱ ፍሬ ነገር እንመለስ። ብዙ ሐያስያን «ማለፍ»ን ወይ ስለ ሁለት ሴቶች ቅናት የተጻፈ፣ ወይም በሁለት ዘር መካከል ስለ ተጨነቀች ክልስ የተጻፈ አሳዛኝ ታሪክ አድርገው ያዩታል። እኛ ግን የመጽሐፉ እውነተኛ ጕዳይ ፍርድ ነው እንላለን። በውስጡ ሦስት ዳኞች ተቀምጠዋል።

የመጀመሪያው ዳኛ ዓይን ነው። አይሪን በሆቴሉ ሰገነት ላይ ተቀምጣ፣ ነጮች የጥቁርን ሰው በጥፍሩ፣ በመዳፉ፣ በጆሮው ቅርጽ፣ በጥርሱ እናውቀዋለን ማለታቸውን በልቧ ትንቃለች። ንቀቷም ትክክል ነው፤ እርሷን ራሷን ጣሊያናዊት ወይም እስፓኛዊት አድርገው ሲገምቱ እንጂ ጥቁር ብለው ሲጠረጥሩ አጋጥሟት አያውቅምና። ነቢዩ ኤርምያስ የኢትዮጵያዊን መልክ ሊለወጥ ለማይችል ነገር ምሳሌ አድርጎ አንሥቶታል። በዚህ መጽሐፍም መልኩን የለወጠ ማንም የለም። ጆን ቤሉ ከመጨረሻው ግብዣ አስቀድሞ አይሪንን ያያት ሁለት ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ በሻይ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ሆነችለት፤ በሁለተኛው ጊዜ በመንገድ ላይ ጥቁር ሆነችበት። በሁለቱ ጊዜያት መካከል የአይሪን ቆዳ አልጠቈረም። የተለወጠው ክንዷን የያዘችው ወዳጇ ብቻ ናት። እንግዲህ ዓይን ያየው ቆዳን ሳይሆን ጓደኛን ነው። ደራሲይቱ ዘር የሚባለው ነገር በሰውየው ገላ ላይ ሳይሆን በተመልካቹ አሳብ ውስጥ የሚጻፍ መሆኑን፣ አንድም የስብከት ቃል ሳይናገሩ በዚህ አንድ መንገድ ላይ አስረድተውታል።

ሁለተኛው ዳኛ ከላይ ያየነው ሕግ ነው። ሦስተኛው ዳኛ ግን ከሁለቱም የሚከብደው ነው፤ እርሱም የገዛ ወገን ነው። አይሪን ራሷን ለዘሯ የታመነች አድርጋ ትቈጥራለች። ነገር ግን ለሻይ ሲሆን አልፋ በነጮች ሆቴል ትቀመጣለች፤ ለኑሮ ያለፈችውን ክሌርን ግን ትኰንናለች። የክሌርን ምሥጢር ለባሏ ያልነገረችው ለዘሯ በመቈርቈር ነው ትላለች፤ ኋላ ግን ያው ባል ማወቁን ለክሌር ሳትነግራት የቀረችው ለራሷ ቤት በመፍራት ነው። «ዘሬን አልከዳም» የሚለው ቃል በአፏ ውስጥ አንድ ጊዜ ፍቅር፣ አንድ ጊዜ መሣሪያ ይሆናል። የመጽሐፉ ድፍረት እዚህ ላይ ነው። ጨቋኙን ነጭ መውቀስ ለአንባቢው ቀላል ነው፤ የተጨቈኑትም በራሳቸው መካከል «ይህ ከእኛ ነው፤ ይህ ከእኛ አይደለም» እያሉ የመፍረድ ሥልጣን እንደሚጨብጡ፣ ሥልጣኑም እንደ ማናቸውም ሥልጣን ለግል ጥቅም ሊውል እንደሚችል ማሳየት ግን ቀላል አይደለም።

አማርኛችን እዚህ ላይ የሚረዳን ሁለት ቃል አለው፤ ዘርና ወገን። ዘር ሰው ሳይመርጠው የሚወለድበት ነው። ወገን ግን ሁለት ፊት አለው፤ ሰው ይወለድበታል፤ ደግሞም ሰው ይቆምለታል። «ወገኔ» የምንለው የሥጋ ዘመዳችንን ብቻ ሳይሆን በክፉ ቀን ከጎናችን የተገኘውን ነው። ክሌር ዘሯን ለመደበቅ ቻለች፤ ወገኗን ግን ለመተው አልቻለችም። ናፍቆቷ የደም ጥሪ ነው ብለው የሚተረጕሙ አሉ፤ ይህ ግን ደራሲይቱን መበደል ነው። ክሌር የናፈቃት ደም አይደለም፤ ቀልዱ ሳይብራራላት የሚገባት፣ ስሟንም ሳትፈራ የምትሰማበት ቦታ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር በምዝገባ መጽሐፍ ውስጥ የሚጽፈው ጸሓፊ የለም።

ይህን ድርሰት በ1912 ያለ ደራሲ ስም ታትሞ፣ በ1927 በስማቸው ከወጣው ከጄምስ ዌልደን ጆንሰን ልብ ወለድ ጋራ ማስተያየት ይጠቅማል። በዚያ መጽሐፍ ዋናው ባለ ታሪክ ጥቁር መሆኑን ያወቀው በትምህርት ቤት ነው። ነጮች ተማሪዎች እንዲቆሙ በታዘዘ ጊዜ ከነርሱ ጋራ ቢቆም፣ መምህርቱ ለጊዜው ተቀመጥና ከሌሎቹ ጋራ ትቆማለህ አለችው። ሕፃኑ ቤቱ ገብቶ በመስተዋት ፊት ቆመ። ካደገም በኋላ አንድ ጥቁር ሰው በሕዝብ ፊት በእሳት ሲቃጠል አይቶ፣ እንዲህ ካለ ውርደት ብሎ ወደ ነጭነት አለፈ፤ በመጨረሻውም ብኵርናውን በጥቂት ነገር እንደ ሸጠ ቈጥሮ ይጸጸታል። የጆንሰን መጽሐፍ በስፋት ይበልጣል፤ አገሩንና ዘመኑን በሰፊው ያሳያል። የላርሰን ግን በጥልቀት ይበልጣል። የጆንሰን ሰው ስለ ራሱ ይፈርዳል፤ ስለዚህ ጸጸቱ የልብ ክርክር ሆኖ ይቀራል። በላርሰን መጽሐፍ ግን ክሌር ስለ ራሷ የምትፈርድበት ዕድል አልተሰጣትም፤ ሁሉም ይፈርድባታል። ክሌርን የምናውቃት በአይሪን ዓይን ብቻ ነው፤ እኛ አንባቢዎቹም ሳናውቀው ከፈራጆቹ ጋራ ተቀምጠን እናገኘዋለን።

ይሁን እንጂ ጕድለቱን ሳይናገሩ ማለፍ ከሂስ ሥራ አይቈጠርም። የአይሪን ባል ብራያን ወደ ብራዚል ለመሄድ ከሚመኘው ምኞቱ በቀር ሥጋና ደም አልለበሰም፤ ምኞቱም ዘር እንዲህ የማያስጨንቅበት አገር አለ ብሎ ማሰቡን የሚያመለክት ሆኖ ሳለ፣ ደራሲይቱ ጀምረው ትተውታል። የክሌር ትንሽ ልጅ ደግሞ በስዊስ አገር ትምህርት ቤት መሆኗ ተነግሮን ከዚያ በኋላ ትረሳለች። የእናቷ ምሥጢር ሲገለጥ የዚያች ሕፃን ዘር በአንድ ሌሊት ምን ሊባል ነው? ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነበር፤ አልተነካም። ፍጻሜውም ለአንዳንድ አንባቢ የችኰላ ሊመስል ይችላል። በእኛ አስተያየት ግን የሞቱ ምክንያት ሳይታወቅ መቅረቱ ጕድለት አይደለም። ሕጉ፣ ባሉና ወዳጇ ሁሉም በየበኩላቸው ገፍተዋታል፤ እጁ የማን እንደ ሆነ መለየት የቀሩትን ነፃ ማውጣት ይሆን ነበር።

በ2021 እንግሊዛዊቱ ሬቤካ ሆል ይህን መጽሐፍ በጥቁርና ነጭ ፊልም ሠርተውታል። የእናታቸው አባት በአሜሪካ እንደ ነጭ ሆነው የኖሩ ሰው ስለ ነበሩ ነገሩ ለእርሳቸውም የቤተ ሰብ ታሪክ ነው። ክሌርን ሆነው የተጫወቱት ወይዘሮ ሩት ነጋ በአዲስ አበባ ከኢትዮጵያዊ አባትና ከአየርላንዳዊት እናት የተወለዱ ናቸው። እኚሁ ተዋናይ በ2016 በወጣ ሌላ ፊልም ሚልድረድ ላቪንግን ሆነው ተጫውተዋል። ሚልድረድና ነጭ ባሏ በ1958 በመጋባታቸው በቨርጂኒያ ተይዘው ነበር፤ በእነርሱ ክስ የተነሣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1967 ነጭና ጥቁር እንዳይጋባ የሚከለክለውን ሕግ ሻረ። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የወጣች አንዲት ልጅ፣ ዘሯን ሰውራ ያገባችውንም ዘሯን ሳትሰውር ያገባችውንም ሴት በመጋረጃው ላይ አቁማቸዋለች። ፊልሙ መልካም ነው፤ በጥቁርና ነጭ መሠራቱም ብልሃት ነው፤ በመጋረጃው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ግራጫ ሆኖ ስለሚታይ ስሞቹ ከመልኮቹ ጋራ እንደማይገጥሙ ይታወቃልና። ነገር ግን መጽሐፉ ከፊልሙ የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ። ፊልም ተመልካች ፊቱን እያየ «ትመስላለች፤ አትመስልም» ማለት ይጀምራል፤ ማለትም የጆን ቤሉን ሥራ ይሠራል። አንባቢ ግን ገጹ ላይ ፊት ስለማያይ ይህን ለመፍረድ አይችልም። ፊደል መልክ የለውም።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ነገር ነው የሚል ቢኖር፣ ነገሩን ወደ ቅርቡ ማምጣት አያዳግትም። ከ1991 ወዲህ በአገራችን በብዙ ቀበሌዎች የመታወቂያ ወረቀት ላይ «ብሔር» የሚል መስመር ነበር። መስመሩ አጭር ነው፤ የሚበቃው ለአንድ ቃል ብቻ ነው። አባቱ ከአንዱ፣ እናቱ ከሌላው የሆነ ሰው በዚያ መስመር ላይ ምን ይጻፍ? ብዙ ጊዜ የአባት ይጻፋል፤ እናት በወረቀቱ ላይ ቦታ የላትም። በ1995 ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ብሔርን ሲተረጕም ከባህልና ከቋንቋ፣ ከሥነ ልቡናና ከአሰፋፈር ጋራ የሕዝቡን የገዛ እምነት ጨምሮ አስገብቷል። በዚህም መሠረት በጉራጌ ዞን ሥር ይተዳደር የነበረው የስልጤ ሕዝብ በ2001 በሕዝበ ውሳኔ ራሱን የቻለ መሆኑን በድምፁ አስታወቀ። ይህ ታላቅ ነገር ነው፤ ሕዝብ ስለ ማንነቱ ተጠይቆ ራሱ መልሷልና። ነገር ግን ድምፅ የሚሰጠው ሕዝብ ነው። የወይዘሮ ኔላ ላርሰን መጽሐፍ የሚጠይቀው ደግሞ ብቻውን ስለ ቆመው ሰው ነው። አንድ ሰው ስለ ራሱ ድምፅ የሚሰጥበት ሳጥን ወዴት አለ? ጎረቤቱ «አይደለህም» ቢለው ወደ ማን ይግባኝ ይላል?

በአሜሪካና በቨርጂኒያ የደረሰው በእኛ አገር ከደረሰው ጋራ አንድ ነው አንልም። የአሜሪካው ከባርነት የመጣ ነው፤ የእኛው የመጣበት መንገድ ሌላ ነው። የሚያገናኛቸው ጥያቄው ብቻ ነው። መንገደኛን አስቁሞ «አባትህ ማነው?» ብሎ መጠየቅ፣ መልሱ ገብስ ለመስጠት ወይም ለመከልከል፣ ከዚያም ለባሰ ነገር የሚውል ከሆነ፣ ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ ፍርድ ይሆናል። ሰው ዘሩን በደስታ የሚናገረው ሲናገር የማይጐዳ እንደ ሆነ ብቻ ነው። በቅሎው ውሸታም ከሆነ ውሸቱን ያስተማረው ጠያቂው ነው።

እንግዲህ ስለ ራሱ የመናገር መብት የባለቤቱ ነው ስንል፣ ሰው እንደ ልብስ ዛሬ ይህን ነገ ያን ይልበስ ማለታችን አይደለም። ክሌር ራሷ ይህ እንደማይቻል ምስክር ናት፤ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ሊይዝ የፈለገ እጇ በመጨረሻ ባዶ ሆኗል። ወገንነት በሁለት ሰው ስምምነት የሚጸና ነገር ነው፤ አንዱ «ከእናንተ ነኝ» ሲል ሌላው «ግባ» ሊለው ያስፈልጋል። ነገር ግን በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ሆኖ ሚዛን የሚይዝ፣ ደም በእጅ የሚከፍል፣ ጥፍርና ጆሮ የሚመረምር ዳኛ አያስፈልግም። የመጽሐፉ ትምህርት ይኸው ነው።

«ማለፍ» በገጽ አጭር፣ በቋንቋውም ግልጽ ስለ ሆነ ለትርጕም የሚመች ድርሰት ነው። ከወጣት ደራሲዎቻችን አንዱ ወደ አማርኛ ቢመልሰው፣ መምህራንም ለከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች ቢያስነብቡት ታላቅ ጥቅም ይገኝበታል። በጽሕፈት ቤት ተቀምጦ የሌላውን ሰው ስምና ወገን በቅጽ ላይ የሚሞላ ሠራተኛም ሁሉ ቢያነበው መልካም ነው። መጽሐፉን ከዘጋ በኋላ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ቀና ብሎ ፊት ለፊቱ የቆመውን ሰው «አንተስ ምን ትላለህ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርምና።